የድሮ ጌም በአዲስ ሚዛን፤ የነቀምቴ ጌም ቤቶች ምን እየሸጡ ነው?

በነቀምቴ ጌም ቤት ለከፈተ ወይም ለመክፈት ላሰበ ሰው ምክር አይጠፋውም። «አዲሱን ማሽን አስመጣ፣ ኳሱን ጫን፣ ቁጭ ብለህ ገንዘብህን ቁጠር» ይሉታል። ምክሩን የሚለግሱት አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑን የሚሸጡት ወይም የሚያሻሽጡት ናቸው። ምክራቸው ለእነርሱ ትርፍ እንዳለው አያጠራጥርም። ለባለ ጌም ቤቱስ? ጥያቄው እዚህ ላይ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቋም ግልጽ ነው። በዛሬው የብር ምንዛሪ አዲስ ማሽን ለመግዛት መሯሯጥ ለአብዛኛው የወለጋ ጌም ቤት አያዋጣም። ያለውን ፕሌይስቴሽን 4 ይዞ፣ በሃያና በሠላሳ ዓመት በፊት የታወቁ ጌሞችን እንደገና በተሠሩበት መልክ ማጫወት ግን ያዋጣል። ይህም ዝም ብሎ አያዋጣም፤ ሚዛኑን ለሚያውቅ ብቻ ነው የሚያዋጣው። ሚዛን ስንል የዋጋ ሚዛን ማለታችን ነው።

ከጆተኒ ወደ ጆይስቲክ

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ጌም ቤት የሚሸጠው ማሽን አይደለም። ጌሙንም አይደለም። የሚሸጠው ጊዜ ነው። ይህ ደግሞ ለከተሞቻችን እንግዳ ንግድ አይደለም። ጆተኒ በዙር፣ ከረንቡላ በጌም፣ ብስክሌት በሰዓት ሲከራይ ኖሯል። ቪዲዮ ቤቶችም በአግዳሚ ወንበር ሰው ደርድረው የህንድና የካራቴ ፊልም በመግቢያ ዋጋ ሲያሳዩ ኖረዋል። እነዚህ ሁሉ ንግዶች አንድ የጋራ ነገር ነበራቸው፤ ሁሉም የየራሳቸው መለኪያ ነበራቸው። ዙሩ ሲያልቅ ያልቃል፣ ፊልሙ ሲያልቅ ያልቃል፤ ጠብ የለም።

የቪዲዮ ጌም ንግድም ሲጀመር እንዲሁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የጃፓኑ ኔንቴንዶ ኩባንያ «ዶንኪ ኮንግ» ሳንቲም እየጎረሰ የሚሠራ ሳጥን ነበር። ተጫዋቹ ከወለል ወደ ወለል እየዘለለ ይወጣል፣ ይወድቃል፣ ሌላ ሳንቲም ይከታል። ባለ ሳጥኑ የሚያተርፈው ተጫዋቹ ቶሎ ሲወድቅ ስለሆነ ጨዋታው ከባድ እንዲሆን ይፈለግ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1985፣ ያው ኩባንያ «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ»ን ለቤት መጫወቻ አወጣ። የንግዱ መሠረት ያኔ ተለወጠ። ገዢው አንድ ጊዜ ከፍሎ ካሴቱን ይዞ ቤቱ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ አንድ ሺህ ጊዜ ቢወድቅ ለሻጩ የሚጨምርለትም የሚቀንስበትም ነገር የለም።

እንግዲህ የነቀምቴ፣ የጊምቢ፣ የደምቢ ዶሎ ጌም ቤት የሚሠራው ሥራ የሁለቱ ድብልቅ ነው። ለቤት ተብሎ፣ ለአንድ ገዢ፣ በአንድ ዋጋ የተሠራን ዕቃ ገዝቶ በደቂቃ ይቸረችረዋል። በቆሎ በኩንታል ገዝቶ በጣሳ እንደመሸጥ ነው። የበቆሎ ቸርቻሪ ጣሳውን አሳምሮ ያውቀዋል። የጌም ቤት ባለቤት ግን ጣሳው የትኛው እንደሆነ ብዙ ጊዜ አላሰበበትም።

ኳስ ለምን ነገሠ?

በየጌም ቤቱ ኳስ የነገሠው ልጆች ኳስ ስለሚወዱ ብቻ አይደለም። ኳስ ጣሳው ከራሱ ጋር አብሮ ስለመጣ ነው። ግጥሚያው በሁለት አጋማሽ ተከፍሏል፤ ፊሽካው ሲነፋ ያበቃል፤ ሁለት ሰው ይጫወታል፤ ተሸናፊ ይከፍላል። ባለቤቱ ሰዓት መያዝ አይጠበቅበትም። ማን ይክፈል የሚል ክርክርም የለም፤ ውጤቱ ስክሪኑ ላይ ተጽፏል።

እየዘለሉ የሚያልፉት ጌም ግን እንዲህ ዓይነት ጣሳ የለውም። አንድ ሰው ጆይስቲኩን ይዞ ይቀመጣል። ይዘላል፣ ገደል ይገባል፣ እንደገና ይጀምራል። አራት ልጆች ወረፋ ይዘው ከኋላው ያጉረመርማሉ። ባለቤቱም «ይህ ጌም ደንበኛ ያባርራል» ብሎ ዲስኩን መሳቢያ ውስጥ ይወረውረዋል። ፍርዱ ትክክል ይመስላል። ነገር ግን የተፈረደው ጌሙ ላይ ሳይሆን መሆን የነበረበት በሰዓት የማስከፈል ልማዱ ላይ ነበር።

ሠላሳ ዓመት የሞላው ዘላይ

ለዚህ ጽሑፍ በምሳሌነት የምንወስደው «ክራሽ ባንዲኩት» የተባለውን ነው። ባንዲኩት በአውስትራሊያና በአካባቢዋ የሚገኝ፣ አፍንጫው የሾለ ትንሽ እንስሳ ነው። ኖቲ ዶግ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ይህን እንስሳ ሱሪና ጫማ አልብሶ እ.ኤ.አ. በ1996 ለመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን አወጣው። በ1997 ሁለተኛው፣ በ1998 ሦስተኛው ተከተለ። ማሪዮ ለኔንቴንዶ የሆነውን ያህል ይህ ዘላይ ለሶኒ ማሽን ፊት ሆኖ አገለገለ።

እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 2017 አክቲቪዥን የተባለው ድርጅት ሦስቱን ጌሞች በአንድ ዲስክ ሰብስቦ «ኤን ሴን ትሪሎጂ» በሚል ስም ለፕሌይስቴሽን 4 አቀረባቸው። ሥራውን የሠራው ቫይካሪየስ ቪዥንስ የተባለ ስቱዲዮ ነው። የድሮውን የመድረክ ቅርጽ መነሻ አድርጎ ሥዕሉንና ድምፁን እንደ አዲስ ሠርቶታል። በዓመቱ ለሌሎቹ ማሽኖችና ለኮምፒዩተር ቀረበ። አሳታሚው እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ ላይ ሽያጩ ከ10 ሚሊዮን ማለፉን አስታውቋል። ሃያ ዓመት የቆየ ዕቃ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ይህን ያህል መሸጡ ለነጋዴ ትልቅ ትምህርት ነው። የገዛው ሕዝብ በልጅነቱ ተጫውቶት፣ አሁን ደመወዝ የሚያገኝ ሕዝብ ነው።

ጨዋታው ራሱ ቀላል ነው፤ ማለትም ሕጉ ቀላል ነው። ትሮጣለህ፣ ትዘላለህ፣ እንደ እንዝርት ትሽከረከራለህ። ሣጥን ትሰብራለህ፣ ፍሬ ትለቅማለህ፤ መቶ ፍሬ አንድ ተጨማሪ ሕይወት ይገዛልሃል። ጭምብል ካገኘህ አንድ ምት ይችልልሃል። አንዳንዱ መድረክ ላይ ትልቅ ድንጋይ ከኋላህ እየተንከባለለ ይመጣል፤ አንተ ወደ ተመልካቹ ስለምትሮጥ ከፊትህ ያለው ጉድጓድ የሚታይህ እግርህ ሥር ሲደርስ ነው። ሌላው ደግሞ ጭጋግ ውስጥ የተንጠለጠለ የገመድ ድልድይ ነው። ጣውላው እዚህም እዚያም ወልቋል፤ ገሚሱ ስትረግጠው ይወድቃል። ይህን ድልድይ በመጀመሪያ ሙከራው የተሻገረ ሰው ካለ ብርቅ ነው።

በነቀምቴ ገበያ ብዙ ያየ ነጋዴ ይህን ድልድይ ሲመለከት ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም። የሚዘለለው ቦታ ይታያል፤ የሚረገጠው ጣውላ ግን ይጸና አይጸና አይታወቅም። ተመልካች የሚሰበስበውም ይኸው ነው። ኳስ ሲጫወቱ ለማየት ኳስ ማወቅ ይጠይቃል፤ ሰው ድልድይ ላይ ሲንገዳገድ ለማየት ግን ምንም ማወቅ አይጠይቅም።

መልኩ አንድ፣ ሚዛኑ ሌላ

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። አዲሱ ሥራ የድሮውን ይመስላል እንጂ የድሮው አይደለም። በ2017 ጌሙ እንደወጣ፣ የድሮውን በልጅነታቸው የጨረሱ ሰዎች «ዝላዩ ከበደን» ብለው ጮኹ። መጀመሪያ ላይ የእርጅና ነው የተባለ ነበር። አሳታሚው ግን በዚያው ክረምት እውነቱን ተናገረ፤ የዘላዩ አካሄድ የተስተካከለው ሦስተኛውን ጌም መነሻ በማድረግ ስለሆነ፣ በመጀመሪያው ጌም ዝላዩ ከድሮው የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የመድረኩ ርቀት የ1996 ነው፤ የዘላዩ እግር ግን ሌላ ነው። በጣውላው ጫፍ ላይ አርፋለሁ ያለ ሰው ተንሸራትቶ ይወድቃል።

ይህ ለጌም ቤት ባለቤት ተራ ወሬ አይደለም። «ይህንማ አውቀዋለሁ» ብሎ የሚቀመጠው የአርባ ዓመት ሰው በሁለት ደቂቃ ውስጥ አምስት ጊዜ ይወድቃል። በሰዓት ካስከፈሉት ተናዶ ይሄዳል። ባለቤቱ ቀድሞ ቢነግረው ግን፣ «ኦቦ፣ ዝላዩ ተለውጧል፣ ጫፉን አይመኑት» ቢለው፣ ሰውየው እልህ ይገባዋል። እልህ የያዘው ደንበኛ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። ለነጋዴም ከዚህ የሚቀሰም ነገር አለ። ከዓመታት በኋላ ወደ ድሮ ገበያው የተመለሰ ሰው ሱቆቹን እዚያው ቢያገኛቸውም ርቀቱን በድሮ እግሩ ሊለካው አይገባም።

አዲሱ ሥራ ያሻሻለውም አለ። በ1996ቱ ጌም የደረሱበትን ቦታ ማስቀመጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚቻለው የተለየ ምልክት ለቅሞ፣ ተጨማሪ መድረክ ገብቶ፣ ያንንም በድል ጨርሶ ነበር። ይህን ያላደረገ ሰው ማሽኑ ከጠፋ ድካሙ ከንቱ ነው። በአዲሱ ሥራ ግን አንድ መድረክ ሲያልቅ ጌሙ በራሱ ይመዘግባል። መብራት በሚመጣበትና በሚሄድበት ከተማ የዚህን ጥቅም ማስረዳት አያስፈልግም።

ሌላው ማሻሻያ ለዚህ ጽሑፍ ዋናው ነው። በሦስተኛው ጌም ብቻ የነበረው የሰዓት ውድድር በሦስቱም ላይ ተጨምሯል። አንድ መድረክ አንድ ጊዜ ከተጠናቀቀ በኋላ ያንኑ መድረክ ሰዓት እየተቆጠረ መሮጥ ይቻላል፤ ማን በስንት ሴኮንድ እንደጨረሰ ስክሪኑ ላይ ይወጣል። የጠፋው ጣሳ ይኸው ተገኘ!

ሂሳቡን እንምታ

የሚከተሉት የአገልግሎት ዋጋዎች ለማሳያ የተወሰዱ ናቸው፤ አንባቢ የራሱን ከተማ ዋጋ ተክቶ ያስላ።

አንድ የኳስ ግጥሚያ ከነዝግጅቱ 15 ደቂቃ ይፈጃል እንበል፤ ዋጋው 10 ብር ይሁን። በሰዓት አራት ግጥሚያ፣ 40 ብር። ዘላዩን ለአንድ ሰው በሰዓት 30 ብር ብናከራይ በየሰዓቱ 10 ብር ከሰርን፤ በዚያ ላይ ወረፋ የያዙትን አስኮረፍን። አሁን ደግሞ ዘላዩን በሰዓት ውድድር እናጫውት። ሁለት ሰዎች አንድ መድረክ ይመርጣሉ፤ እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ጊዜ ይሮጣሉ፤ የተሻለ ሰዓት ያስመዘገበው ያሸንፋል። አንዱ ሩጫ ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ስድስቱ 12 ደቂቃ ነው። ከመቀያየሪያው ጋር 15 ደቂቃ እንበለው። ዋጋው 10 ብር፤ ተሸናፊ ይከፍላል። በሰዓት 40 ብር። ከኳስ እኩል ሆነ ማለት ነው። ልዩነቱ አንድ ጆይስቲክ ብቻ መሥራቱ ነው፤ ጆይስቲክ ደግሞ በጌም ቤት ውስጥ ከሁሉ ቀድሞ የሚያልቅ ዕቃ ነው።

ወደ ካፒታሉ እንሂድ። ፕሌይስቴሽን 5 እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ሲወጣ በአሜሪካ ዋጋው ባለ ዲስኩ 499 ዶላር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በዚያ ሂሳብ ማሽኑ 28,443 ብር ይሆናል። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ምንዛሪው ከ120 ብር አልፏል። 125 ብር ብለን ብንይዘው ያው ማሽን 62,375 ብር ገባ። ይህ እንግዲህ ቀረጥ፣ መጓጓዣ፣ የአስመጪና የደላላ ትርፍ ሳይታሰብ ነው። ምንዛሪው ከዚያም ወዲህ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አልሄደም።

በ10 ብር ግጥሚያ 62,375 ብር ለመመለስ ከ6,200 በላይ ግጥሚያ ያስፈልጋል። ማሽኑ በቀን አሥር ሰዓት አንዲት ደቂቃ ሳያርፍ ቢሠራ በቀን 40 ግጥሚያ ነው፤ 400 ብር። እንዲህ ሆኖ 156 ቀን ይፈጃል። በድሮው ምንዛሪ ቢሆን 72 ቀን ይበቃ ነበር። የቤት ኪራይ፣ ግብር፣ የሠራተኛ ደመወዝ፣ መብራት የጠፋበት ቀን፣ የፈተና ሰሞን፣ የጾምና የበዓል ቀን አልገቡበትም። ማሽኑ ያለ እረፍት ሞልቶ የሚውልበት ጌም ቤትስ የት ነው ያለው?

በሌላ በኩል ይህ ሦስት ጌም የያዘ ዲስክ ሲወጣ ዋጋው 40 ዶላር ገደማ ነበር፤ በ125 ብር 5,000 ብር ነው። ያገለገለ ዲስክ ከዚያ ባነሰ ይገኛል። በቀን አሥር የሰዓት ውድድር ቢያጫውት በ50 ቀን ዋጋውን ይመልሳል፤ ማሽኑ አስቀድሞ በእጅ ያለ ነው። አንባቢ የትኛው ኢንቨስትመንት እንደሚያዋጣ ራሱ ይፍረድ።

«ልጆች አዲሱን ማሽን ካላዩ አይመጡም» የሚል መከራከሪያ ይነሳል። በአዲስ አበባ ቦሌ አካባቢ ለሚሠራ ሰው እውነት ሊሆን ይችላል። በነቀምቴ ግን አንድ ጌም ቤት አዲስ ማሽን ሲያስገባ ጎረቤቱም በዕዳ ያስገባል። ያን ጊዜ የሁለቱም ብልጫ ይጠፋል፤ ዕዳው ግን አይጠፋም። ይህን ውድድር አሸንፎ የሚወጣ ቢኖር አስመጪው ነው።

መብራትና ኔትወርክ

ሁለት ነገሮች የወለጋን ጌም ቤት ከአዲስ አበባው ይለዩታል። አንዱ መብራት ነው። ፕሌይስቴሽን 4 ሲሠራ እንደ ሞዴሉ ከ80 እስከ 150 ዋት ገደማ ይወስዳል። ከቴሌቪዥኑ ጋር 200 ዋት ብንል በአሥር ሰዓት ሁለት ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። የመብራት ሂሳቡ ማንንም አያከስርም። የሚያከስረው መቆራረጡ ነው። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ከወለጋ ብዙም በማይርቀው የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ነው። ይሁንና ከግድቡ የሚነሳው ኃይል ጌም ቤቱ ድረስ የሚደርሰው በከተማው ትራንስፎርመርና በሠፈሩ ምሰሶ በኩል ነው።

መብራት ሲጠፋ የሚነሳውን ጠብ ጌም ቤት የገባ ሁሉ ያውቀዋል። «ጋሼ፣ አምስት ደቂቃ ነው የተጫወትኩት፤ አይቆጠርብኝም!» ይላል ልጁ። በሰዓት የሚያስከፍል ባለቤት መልስ የለውም። በኳስም ሁለት ለባዶ ይመራ የነበረው «አሸንፌ ነበር» ይላል፤ ተመሪው «ገና አላለቀም» ይላል። በሰዓት ውድድር ግን እያንዳንዱ ሩጫ ሁለት ደቂቃ ነው፤ የጠፋው ያ ሩጫ ብቻ ነው። ቀድሞ የተመዘገበው ወረቀት ላይ ተጽፎ ይቀመጣል። መብራት ሲመጣ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ጣሳው ባነሰ መጠን የሚደፋው እህል ያንሳል።

ሁለተኛው ኔትወርክ ነው። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት በቄለም ወለጋ፣ በምዕራብ ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ተቋርጦ እንደነበር ነጋዴው አይረሳውም። የቡና ዋጋ ለመጠየቅ ሰው በመኪና መላክ የተገደደበት ጊዜ ነበር። በየከተማው ያለ ንግድ ሁሉ ከዚያ አንድ ነገር መማር አለበት፤ በኢንተርኔት ላይ ብቻ የቆመ ገቢ አንድ ቀን በድንገት ሊቆም ይችላል።

ዛሬ የሚወጡ ብዙ ጌሞች በየጊዜው ከኢንተርኔት ዕቃ ካልጫኑ፣ ከሩቅ ተጫዋች ጋር ካልተገናኙ ሙሉ አይሆኑም። ያለ ዲስክ ማጫወቻ የሚሸጡ ማሽኖችም አሉ፤ እነዚህ ጌሙን የሚያገኙት ከኢንተርኔት ሱቅ ነው፤ ክፍያውም የውጭ ምንዛሪ የሚቀበል ካርድ ይጠይቃል። ደላላው ይህን ማሽን «ይረክሳል» ብሎ ቢያቀርብ አይደንቅም። ለነቀምቴ ጌም ቤት ግን በር የሌለው መጋዘን ገዛ ማለት ነው። ዘላያችን በአንጻሩ ከዲስኩ ላይ ይጫወታል። እርግጥ በ1996 ከባድ ነው ተብሎ ከጌሙ የተወገደው የማዕበሉ መወጣጫ መድረክ በ2017 ተመልሶ የተሰጠው በኢንተርኔት ነው። እርሱ ቢቀር ንግዱ አይጎድልም።

ያልተነካው ደንበኛ

የወለጋ ከተሞች ገንዘብ ወቅት አለው። ቡና ተለቅሞ ወደ ጊምቢ መጋዘን ሲገባ፣ በቆሎና ሰሊጥ ወደ ነቀምቴ ሲወርድ ገንዘብ ይንቀሳቀሳል። ያን ጊዜ ከተማው ውስጥ የሚያድረው ማን ነው? ነጋዴው፣ ደላላው፣ ሹፌሩ፣ ናሙና ይዞ የመጣው አቅራቢ። ማታ ላይ ምርጫቸው መጠጥ ቤት ወይም አልጋ ነው። ብዙዎቹ ከሠላሳ አምስት እስከ አርባ አምስት ዓመት ያሉ ናቸው። ካሴት የሚጎርሰውን ጌም ወይም የመጀመሪያውን ፕሌይስቴሽን ከዘመድ ቤት ወይም ከጎረቤት ያዩ ጥቂት አይደሉም። እነዚህ ሰዎች የዛሬውን ኳስ ጌም ከአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ጋር ቢገጥሙ ስድስት ለባዶ ይሸነፋሉ፤ ስለዚህ አይገቡም። ከእኩያቸው ጋር በድልድዩ ላይ ለመወዳደር ግን ምንም አያሳፍራቸውም፤ ሁሉም እኩል ይወድቃል።

ለዚህ ደንበኛ የሚያስፈልገው አዲስ ማሽን ሳይሆን ሌላ ሰዓትና ሌላ ወንበር ነው። ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ ልጆች የማይገቡበት ክፍለ ጊዜ፣ የሚደገፉበት ወንበር፣ ንጹሕ ሲኒ ቡና። ጸጥታው በሚፈቅድበት ከተማና ሰዓት ማለታችን ነው፤ ባለፉት ዓመታት የነበረውን ችግር የማያውቅ የወለጋ ነጋዴ የለም፤ በጊዜ የሚዘጋ ከተማ ላይ የምሽት ንግድ ማሰብ ዘበት ነው። በዚያ ሁኔታ እሑድ ከሰዓት በኋላ ይተካዋል።

የጌም ቤት ዋነኛ ተቀናቃኝ ደግሞ ጎረቤት ጌም ቤት አይደለም፤ ልጁ ኪሱ ውስጥ የያዘው ስልክ ነው። የአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ ያወጣውን «ኩኩሉ»ን የመሰለ፣ ዶሮዋ እየሮጠችና እየዘለለች የምታመልጥበት ጌም ስልክ ላይ ይገኛል። ማንም ለመዝለል ብቻ ብሎ ጌም ቤት አይመጣም። የሚመጣው ትልቅ ስክሪን ፊት፣ ሰው እያየው ለመዝለል ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ስክሪኑን ወደ ግድግዳ ሳይሆን ወደ አግዳሚው ያዙረው። ተመልካቹ የነገ ተጫዋች ነው፤ ዛሬም ለስላሳ ይገዛል።

ወላጅና መምህር የሚሉትስ?

ይህን ንግድ ስንደግፍ የሌላውን ወገን ቅሬታ መስማት ይገባል። ወላጆች ልጆቻቸው ከትምህርት ቤት ቀርተው ጌም ቤት እንደሚውሉ ይናገራሉ። ቅሬታው ተራ ሐሜት አይደለም። «ተሸናፊ ይከፍላል» የሚለው ልማድም ከአንድ ደረጃ ካለፈ ቁማር ይሆናል። የጌም ቤት ባለቤቶች ይህን እያዩ ዝም ካሉ፣ አንድ ቀን አስተዳደሩ ሁሉንም በአንድ ቁልፍ ይዘጋል። ያን ጊዜ ደህናውና መጥፎው አብሮ ይከስራል።

ስለዚህ ንግዱ ራሱን ያርም። ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ በትምህርት ሰዓት አይግባ። ከመጫወቻው ዋጋ ውጪ ገንዘብ የሚያስይዝ ሰው ይውጣ። ዋጋው በጉልህ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ይህን ለማድረግ መመሪያ መጠበቅ አያስፈልግም። የዘላዩ ጌም እዚህም ላይ ይረዳል፤ ሁለት ደቂቃ ሮጦ ለሚቀጥለው የሚያስረክብ ልጅ፣ ሦስት ሰዓት ከአንድ ወንበር ላይ ከማይነቃነቅ ልጅ ይሻላል።

ምን ይደረግ?

ጌም ቤት ያለው ሰው አዲስ ማሽን ከማዘዙ በፊት ሦስት ነገር ያድርግ። አንደኛ፣ ያለውን ማሽን ያስጠርግ፤ አቧራው ወጥቶ፣ ፋኑ ጸድቶ፣ ጥሩ ስታቢላይዘር ከተገጠመለት ገና ይሠራል። ሁለተኛ፣ እንደገና ከተሠሩት የድሮ ጌሞች አንድ ዲስክ ብቻ ገዝቶ ለሁለት ወር ይሞክር፤ ከመክፈሉ በፊት ዲስኩ ያለ ኢንተርኔት እንደሚሠራ እዚያው ሱቁ ላይ አስጭኖ ይይ። ሦስተኛ፣ የሰዓት ውድድሩ የሚከፈተው መድረኮች ከተጠናቀቁ በኋላ ስለሆነ፣ ለደንበኛ ከማቅረቡ በፊት የመጀመሪያዎቹን መድረኮች ራሱ ይጨርስ ወይም ጎበዝ ልጅ ፈልጎ ያስጨርስ። ይህ አንድ ቀን ተኩል ቢፈጅ ነው። ዕቃውን ሳያውቅ የሚሸጥ ነጋዴ ደግሞ ምን ዓይነት ነጋዴ ነው?

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከኳሱ ስንት፣ ከዘላዩ ስንት እንደገባ ለይቶ ይጻፍ። ሁለት ወር ሲሞላ ደብተሩ ራሱ ይናገራል። ደብተሩ «አዲስ ማሽን ግዛ» ካለው ይግዛ። ደላላ ስላለው ብቻ ግን አይግዛ። ጣውላው እንደሚጸና ሳያረጋግጥ የዘለለ ሰው የት እንደሚያርፍ ስክሪኑ ላይ በየቀኑ እየታየ ነው።